ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020 አለኝ፤ ከአይ 3 ወደ አይ 7 ባሳድገው ያዋጣኛል? በጀቴ ጠባብ ነው

የአራት ኪሎ ልጅ
ሰኞ ማታ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ አንድ ዴስክቶፕ አለን። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020 ነው፣ ትልቁ ሳጥን። ከሦስት ዓመት በፊት ዩዝድ ነው የገዛነው። ውስጡ ኮር አይ 3 4130 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም እና 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ አለ። እስከ አምና ምንም አልጎደለብንም። እኔ ኤክሴል እሠራበታለሁ፣ እናቴ ማታ ማታ ዩቲዩብ ታይበታለች።

ዘንድሮ ታናሽ እህቴ ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ ገባች። አሁን ማሽኑ ላይ አውቶካድ፣ ስኬችአፕ እና ቪሬይ የሚባሉ የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራሞች ተጭነዋል። ስኬችአፕ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይደርሳል። አንድ ምስል ሬንደር ለማድረግ (ሞዴሉን እንደ ፎቶ አድርጎ ለማውጣት) ሰዓታት ይፈጃል። ማታ አስጀምራው ትተኛለች፤ ሌሊት መብራት ከሄደ ከዜሮ ትጀምራለች። ትናንት የማስረከቢያ ቀኗ ደርሶ እያለቀሰች አገኘኋት። እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አዲስ ላፕቶፕ የመግዛት አቅም የለኝም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ለደሞዝተኛ የሚቀመስ አልሆነም። በእጄ ያለው 10,000 ብር ነው። አንድ ሱቅ ጠይቄ «አይ 7 አስገባበት፣ ይበራል» አሉኝ። ሌላው ደግሞ «ማዘርቦርዱን ካልቀየርክ አይሆንም» አለኝ። ማንን ልመን? አይ 7 ይገባበታል ወይስ አይገባም? አይ 5 ይበቃ ይሆን?


ካቻቢቴ
ሰኞ ማታ 3፡45

ሰላም ወንድሜ። ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሱቄ ፒያሳ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ። አንተ የጠየቅከውን በየሳምንቱ እጠየቃለሁ። ብዙ ሰው ብሩን የሚያፈሰው በማይሆነው ዕቃ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ሱቅ ገብተህ «ሲፒዩ ፈልጌ ነበር» ካልክ ሙሉ ሳጥን ነው የሚያወጡልህ። እኛ አገር ሳጥኑ ሲፒዩ ተብሎ ቀርቷል። አንተ «ፕሮሰሰር» በል፤ ቁጥሩንም ጨምረህ ተናገር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፕሮሰሰሩ ጥፋተኛ መሆኑ ገና አልታወቀም። ነገ እህትህ ስትሠራ አጠገቧ ተቀመጥ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና እስኬፕን አንድ ላይ ስትጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሦስት ቁጥር ብቻ እይ፤ የፕሮሰሰሩን፣ የራሙን እና የዲስኩን። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ፕሮሰሰሩ 20 እና 30 ላይ ከዋለለ፣ የምትጠብቁት ሃርድ ዲስኩን ነው። ያኔ አይ 7 ብታስገባም አይ 7ቱ ቁጭ ብሎ ዲስኩን ይጠብቃል እንጂ ምንም አይፈይድልህም። ራሙ ከ90 በላይ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ቦታ ሲያጣ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፤ ዲስኩም ይጨናነቃል። ሁለቱም ረጋ ብለው ፕሮሰሰሩ ብቻ 100 ላይ ለረጅም ጊዜ ከቆመ፣ ያኔ ፕሮሰሰር እንቀይራለን።

ስለ መግባቱ ግን አትጨነቅ። 3020 ሶኬቱ (ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ኤልጂኤ 1150 ነው። ኢንቴል ይህን ሶኬት በፈረንጆቹ 2013 ከ4ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ፕሮሰሰሮቹ ጋር ነው ያወጣው። የፕሮሰሰሩን ቁጥር ስታነብ የመጀመሪያው አሃዝ ጀነሬሽኑን ይነግርሃል። የአንተ 4130 ነው፤ ስለዚህ 4ኛ። 4570፣ 4590፣ 4770፣ 4790 ሁሉም ቦታቸው ነው። 3770 ግን 3ኛ ነው፣ ሶኬቱ 1155። 6500 ደግሞ 6ኛ ነው፣ ሶኬቱ 1151። የጎን መቁረጫቸው ቦታ ስለሚለያይ ቁጭ አይሉም። በጉልበት የተጫነ ፕሮሰሰር ብዙ አይቻለሁ፤ የሶኬቱ ፒኖች ከታጠፉ ማዘርቦርዱ ሄደ ማለት ነው።

ኤሌክትሪኩም አያሰጋህም። አይ 3 4130 54 ዋት ነው፣ አይ 5 4590 እና አይ 7 4790 84 ዋት ናቸው። ልዩነቱ 30 ዋት ነው። የትልቁ ሳጥን ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ስለሆነ ተጨማሪ ግራፊክስ ካርድ እስካላስገባህ ድረስ ይችለዋል። «ማዘርቦርድ ካልቀየርክ» ያለህ ሰው ተሳስቷል።


ልደታ ንድፍ
ሰኞ ማታ 4፡10

እኔም እዚያው ግቢ አራተኛ ዓመት ነኝ፤ እህትህን ሳላውቃት አዘንኩላት። የሁለተኛ ዓመት ስቱዲዮዬን በአይ 3 ነው የጨረስኩት።

ጋሽ ካቻቢቴ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሦስቱ ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት አይደሉም። አውቶካድ መስመር ስትስልበት፣ ስታቀርብ ስታርቅ በአብዛኛው የሚጠቀመው አንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት ሠራተኞች አንዱን) ብቻ ነው። ስኬችአፕ ሞዴሉን ስታዞርም ያው ነው። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው። አይ 3 4130 3.4 ጊጋኸርዝ ነው፣ አይ 5 4590 ከፍ ሲል 3.7 ይደርሳል። ልዩነቱን እምብዛም አታየውም። ስለዚህ አውቶካድ ይበራል ብለህ አትጠብቅ።

ቪሬይ ግን ሌላ ነው። ሬንደር ሲያደርግ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሱትን ትንንሽ ካሬዎች እህትህ ታውቃቸዋለች። እያንዳንዷን ካሬ አንድ ትሬድ (ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚያካሂደው አንድ የሥራ መስመር) ነው የሚሠራት። አይ 3 ሁለት ኮር እና አራት ትሬድ ስላለው አራት ካሬ ታያለህ። አይ 5ም አራት ካሬ ነው፤ ግን እያንዳንዱ የራሱ ሙሉ ኮር ስላለው ካሬዎቹ ቶሎ ቶሎ ያልቃሉ። አይ 7 ላይ ስምንት ይሆናሉ። ፕሮሰሰር መቀየር በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ለእህትህ ደግሞ ይህን ንገራት፦ ብርሃኑንና ማቴሪያሉን እስክታስተካክል በትንሽ መጠን ትሞክር። ሙሉውን ምስል ሳይሆን የቀየረችውን ቦታ ብቻ መርጣ ሬንደር ታድርግ። ትልቁን መጠን ለመጨረሻዋ አንድ ምስል ብቻ ታስቀምጠው። እኔን ከዕቃ በላይ ያዳነኝ እሱ ነው።


ሰባራ ባቡር
ማክሰኞ ጠዋት 2፡05

እኔ አልስማማም። በ4ኛ ጀነሬሽን ላይ ብር ማፍሰስ የሞተ ፈረስ መጋለብ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይፈልጋል። ዛሬ ፕሮሰሰር ቀይረህ ነገ ሳጥኑን ልትቀይር ነው። ይህን ሽጠህ ጨምርበትና ባለ 8ኛ ጀነሬሽን ሳጥን ግዛ። ያለበለዚያ ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ።


ካቻቢቴ
ማክሰኞ ጠዋት 4፡30

ሰባራ ባቡር ያልከው እውነት ነው። እኔም ለሚችል ሰው የምለው ይህንኑ ነው። ወንድማችን ግን 10,000 ብር ነው ያለው፤ ልጅቷም የምታስረክበው ዘንድሮ ነው። «ጨምርበት» የምንለው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ብሩን ከሳጥኑ ጋር የሚቀረውና ይዘኸው የምትሄደው ብለን እንክፈለው። ኤስኤስዲ፣ ማለትም በሃርድ ዲስኩ ፋንታ የሚገባውን ፈጣኑን ዲስክ፣ ይዘኸው ትሄዳለህ። ነገ ሌላ ሳጥን ብትገዛ ነቅለህ ትሰካዋለህ፤ ስለዚህ እሱን አዲስ ግዛ። ራሙ ዲዲአር 3 ነው፤ ባለ 8ኛ ጀነሬሽን ሳጥኖቹ የሚፈልጉት ዲዲአር 4 ነው። አይተላለፍም፤ ስለዚህ ዩዝድ ይበቃል። ፕሮሰሰሩም ከሳጥኑ ጋር ይቀራል፤ እሱም ዩዝድ። ትልቁ ብር በምታስቀረው ዕቃ ላይ ይዋል፣ ትንሹ በምትተወው ላይ።

ዩዝድ ኤስኤስዲ ግን በጭራሽ አትግዛ። ፕሮሰሰር በአግባቡ ከተያዘ ዓመታት ይቆያል። ኤስኤስዲ ግን በተጻፈበት ቁጥር ያልቃል፤ ምን ያህል እንደቀረው ከላይ አይታይም።


ጉለሌ 21
ማክሰኞ ቀን 7፡15

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። እኔም ያው 3020 ነው ያለኝ። ግን ፔንቲየም ጂ 3220 ነው፤ ሁለት ኮር ብቻ። ልጆቼ ለትምህርት ነው የሚጠቀሙበት። የእናንተ ምክር ለእኔም ይሠራል?


ካቻቢቴ
ማክሰኞ ቀን 7፡40

አዎ፣ ሶኬቱ አንድ ነው። አንተ ዘንድ ኤስኤስዲ ይቅደም። ለትምህርት ከሆነ አይ 3 እንኳን ብታስገባበት ለውጡን ታየዋለህ።


የአራት ኪሎ ልጅ
ማክሰኞ ማታ 3፡30

ጋሼ እንዳሉኝ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። በወረቀት ጻፍኩት።

ስኬችአፕ ሲከፈት፦ ዲስክ 100፣ ፕሮሰሰር 25 አካባቢ፣ ራም 94።
ሞዴሉን ስታዞር፦ ፕሮሰሰር 30 እና 35፣ ራም ያው።
ሬንደር ሲጀምር መጀመሪያ ዲስኩ ይጨናነቃል። ከዚያ ይረጋና ፕሮሰሰሩ 100 ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ እስከ መጨረሻው።

ሁለቱም ናቸው ማለት ነው? አንድ ነገር ደግሞ፣ ሬንደር ላይ ፋኑ እንደ ጄኔሬተር ይጮኻል። ሙቀቱን በአንድ ነፃ ፕሮግራም ስለካው 88 ዲግሪ ይላል።


ካቻቢቴ
ማክሰኞ ማታ 4፡00

በጣም ጥሩ፤ አሁን በጨለማ አንሄድም። አዎ ሁለቱም ናቸው። ቅደም ተከተሉ ግን አለው። አንደኛ ኤስኤስዲ። ሁለተኛ ራሙን 8 ጊጋ ማድረስ፤ 3020 ሁለት የራም ቦታ ነው ያለው፣ በሁለቱም ላይ እኩል እኩል ብታስገባ ይመረጣል። በቀረህ ብር ፕሮሰሰር።

አይ 7 ወይስ አይ 5? ስምንት ትሬድ ማለት ስምንት ኮር ማለት አይደለም። አይ 7 4790ም ኮሩ አራት ነው፤ አንዱን ኮር ለሁለት ሥራ ያካፍለዋል። ሬንደር ላይ ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ከአይ 3 ወደ አይ 5 የምታገኘው እመርታ ከአይ 5 ወደ አይ 7 ከምታገኘው ይበልጣል። ዋጋው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አይ 7 ሁሉም ሰው ስለሚፈልገው ተወዷል። ብርህ ካልተረፈ አይ 5 ያዝ።

88 ዲግሪው ግን አስደንግጦኛል። 54 ዋት ያለው ፕሮሰሰር እዚያ መድረስ የለበትም። ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ማቀዝቀዣ ብረት) በአቧራ ተደፍኗል፣ በሁለቱ መሀል ሙቀት እንዲያስተላልፍ የሚቀባው ፔስትም ደርቋል። አራት ኪሎና ፒያሳ መንገዱ ሁሉ ሲቆፈር የከረመውን አቧራ አስበው። ሰሞኑን የምከፍታቸው ሳጥኖች ውስጥ ሂትሲንኩ ላይ ብርድ ልብስ የመሰለ ነገር ነው የማገኘው። ሳታጸዳ 84 ዋት ብታስገባበት ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የከፈልክበትን አታገኘውም።


የመርካቶ ሰው
ረቡዕ ጠዋት 3፡20

እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ። ቤቴ ያለው ዴል 790 ነው፣ 2ኛ ጀነሬሽን። ሻጩ «ሶኬቱ አንድ ነው፣ 1155 ነው» ብሎ አይ 5 3470 ሰጠኝ። እውነትም ገጠመ፣ ቁጭ አለ። ግን ስክሪኑ ጭልም አለ። ሦስት ቀን ራም ነቀልኩ ሰካሁ፣ ፓወር ሰፕላይ ተዋስኩ። በኋላ ስረዳ፣ ሶኬቱ አንድ ቢሆንም የ790 ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከሌላው ዕቃ ጋር የሚያገናኘው የማዘርቦርዱ ቺፕ) ኪው 65 ነው፤ እሱ ደግሞ 3ኛ ጀነሬሽንን አይቀበልም። ልመልስ ብሄድ «ተሞክሮ የወጣ ዕቃ አንመልስም» አሉኝ። የአንድ ወር የቤት አስቤዛ ሄደ።

ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን ቺፕሴቱንም ጠይቁ። ሲፒዩ ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሁለቱንም ያሳያችኋል።


ካቻቢቴ
ረቡዕ ጠዋት 4፡05

ይህን ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ። 1151 ላይም ያው ወጥመድ አለ። 6ኛና 7ኛ አንድ ላይ ይሄዳሉ። 8ኛና 9ኛ ሶኬታቸው 1151 ቢባልም ማዘርቦርዳቸው ሌላ ነው። ገጠመ ማለት ሠራ ማለት አይደለም።


ቀበና
ረቡዕ ቀን 9፡00

ኮር ቱ ዱዎ ላይ አይ 5 ይገባል?


ካቻቢቴ
ረቡዕ ቀን 9፡10

አይገባም። እሱ ሶኬት 775 ነው። እዚያ ላይ አንድ ብር አታውጣ።


ቤላ
ረቡዕ ማታ 1፡50

ዩዝድ ፕሮሰሰር ስትገዛ ከቁጥሩ በኋላ ያለውን ፊደል እይ። ቴሌግራም ላይ «አይ 5 4ኛ ጀነሬሽን» ብለው ይለጥፋሉ፤ ፊደሉን አይነግሩህም። መጨረሻው ላይ «ቲ» ካለ ለትንንሽ ሳጥን ተብሎ የተሠራ 35 ዋት ነው። 4590 መነሻው 3.3 ጊጋኸርዝ ሲሆን 4590 ቲ መነሻው 2.0 ነው። 4570 ቲ ደግሞ ይብሳል፤ አይ 5 ተብሎ ሁለት ኮር ነው! አንተ አራት ኮር ብለህ ከፍለህ ከአይ 3 ጋር እኩል ትሆናለህ። «ኤስ» ያለበት ግን ችግር የለውም፤ 65 ዋት ነው፣ ትንሽ ቢዘገይ ነው።

ክዳኑ ላይ «ኢንቴል ኮንፊደንሻል» የሚል ጽሑፍ ካየህ ደግሞ ተወው። እሱ ለሙከራ የተሠራ እንጂ ለሽያጭ የወጣ አይደለም።


ካቻቢቴ
ረቡዕ ማታ 2፡15

ቤላ ልክ ናት። እኔ የምጨምረው፣ ከስር ያሉትን ወርቃማ ነጥቦች በብርሃን እያቸው። የተፋቀ፣ የጠቆረ፣ ጥጉ የተሰበረ ከሆነ አልፈልግም በል። ከዚያ እዚያው ሱቁ ውስጥ 4ኛ ጀነሬሽን ማሽን ላይ አስገብተው ያሳዩህ። ዊንዶውስ ይከፈት፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይሥራ። «ጊዜ የለንም» ካሉህ ሌላ ሱቅ አለ።


የአራት ኪሎ ልጅ
ቅዳሜ ማታ 1፡30

ዛሬ ግማሽ ቀን ከሥራ እንደወጣሁ ዞርኩ። በፒያሳ ጀምሬ መገናኛ ጨረስኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየኝ ምን ይመስላችኋል? 4570 ቲ! ቤላ ባትጽፍ ኖሮ ከፍዬ ወጥቼ ነበር። እግዜር ይስጥሽ እህቴ።

ሁለተኛው ሱቅ ፕሮሰሰሮቹ በፌስታል ውስጥ እንደ ባቄላ ተከምረው አየሁና ወጣሁ። ሦስተኛው ጋ ነው የተሳካልኝ። ልጁ ራሱ «ምን ማሽን ነው ያለህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም ነበር። አይ 5 4590 አወጣ። ከስር አየሁት፣ ንጹህ ነው። ማሽን ላይ አስገብቶ አስነሳልኝ፣ ሩብ ሰዓት ቆየን። የአንድ ሳምንት ዋስትና በደረሰኝ ላይ ጻፈልኝ። አይ 7 4790ም ነበረው፤ ዋጋው የአይ 5ቱን እጥፍ አለፈ። ተውኩት።

አዲስ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ዩዝድ 4 ጊጋ ራም እና አንድ ፔስት ጨምሬ ከ10,000 ብር ትንሽ ተርፎኛል። ፕሮሰሰሩን በፕላስቲክ መያዣው አድርጌ ታክሲ ውስጥ እንደ እንቁላል ይዤው መጣሁ። አሁን ልከፍተው ነው፤ ካቻቢቴ በእጄ ነው።


ካቻቢቴ
ቅዳሜ ማታ 1፡38

ቆይ! እንዳትከፍተው። 4590 በፈረንጆቹ 2014 የወጣ ነው። ያንተ ሳጥን ከመጀመሪያዎቹ ከሆነ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ይህን ፕሮሰሰር ላያውቀው ይችላል። አሮጌው አይ 3 በቦታው እያለ ባዮሱን አድስ። አንዴ ከቀየርክ በኋላ ማሽኑ ካልተነሳ በምን ታድሰዋለህ?

ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 2 ተጫን፤ የባዮሱን ቁጥር ታያለህ። አዲሱን ከዴል ድረ ገጽ በ3020 ስም ፈልገህ አውርድ። ከሌላ ቦታ እንዳታወርድ።

ስታድስ ደግሞ መብራት እንዳይሄድብህ። በመሀል ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) ካለህ በእሱ አድርገው። ከሌለህ ተዋስ።


የአራት ኪሎ ልጅ
ቅዳሜ ማታ 2፡10

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ቁጥሩን አየሁት፤ የዴሉ ገጽ ላይ ካለው በጣም ያረጀ ነው። ዛሬ ማታ መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሏል፤ አልነካውም። ጎረቤታችን ዩፒኤስ አለው። ነገ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እዋሰዋለሁ።


ራይዘን ቤት
ቅዳሜ ማታ 3፡00

ይህን ክር የኤኤምዲ (የኢንቴል ተፎካካሪ) ፕሮሰሰር ያላችሁ ሰዎችም እያነበባችሁት ከሆነ አንድ ነገር ልበል። ሶኬት ኤኤም 4 ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ፔስቱ ከደረቀ ሂትሲንኩን ወደ ላይ ስትጎትቱ ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ ሶኬቱ እንደተቆለፈ ተነቅሎ ይመጣል። የእኔ ሦስት ፒን ታጥፎ በመርፌ ነው ያቀናሁት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማሽኑን መጀመሪያ ሩብ ሰዓት አሠሩት፣ ይሙቅ። ከዚያ አጥፍታችሁ ሂትሲንኩን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት። ወደ ላይ አትጎትቱ።

ጥሩ ጎኑ ግን፣ ኤኤም 4 ላይ በፈረንጆቹ 2017 ማዘርቦርድ የገዛ ሰው ባዮሱን እያደሰ ብዙ ጀነሬሽን አሳልፏል። ቦርዳችሁ የሚቀበለውን ዝርዝር ከአምራቹ ገጽ ላይ እዩ።


የአራት ኪሎ ልጅ
እሑድ ማታ 2፡45

ጨረስኩ። ያደረግኩትን በሙሉ ልጻፍ፤ ነገ አንድ ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

ባዮሱን በጎረቤታችን ዩፒኤስ አደስኩ። ጥቂት ደቂቃ ነው የወሰደው፤ ለእኔ ግን ረዘመብኝ። ራሱ አጥፍቶ ሲነሳ አዲሱን ቁጥር አየሁ። ከዚያ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ተጭኜ የቀረውን ኃይል አስጨረስኩ። ምንጣፍ ላይ ሳይሆን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እጄ ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የሳጥኑን ብረት ነካሁ።

ፋኑን ሳነሳው ጋሼ ያሉት ብርድ ልብስ ቁጭ ብሏል። ውጭ በረንዳ ላይ አውጥቼ በቀለም ብሩሽ ጠረግኩት። እህቴ አፏን በነጠላ ሸፍና ፋኑን በጣቷ ይዛልኝ ነበር፤ እንዳይሽከረከር። የሂትሲንኩን አራት ብሎን በሰያፍ፣ አንዱን ትንሽ፣ ማዶውን ትንሽ እያልኩ ፈታሁ። የድሮው ፔስት እንደ ኖራ ደርቋል። በጥጥና በአልኮል ጠረግኩት።

የሶኬቱን ማንሻ ተጭኜ ወደ ጎን ሳወጣው ክዳኑ ተከፈተ። አይ 3ቱን ጠርዙን ይዤ ቀጥ አድርጌ አነሳሁት። አይ 5ቱን ሳስገባ መቁረጫዎቹን ከሶኬቱ ጋር አስተያይቼ ለቀቅኩት፤ በራሱ ክብደት ቁጭ አለ። ምንም አልገፋሁትም። ፔስቱን መሀል ላይ የአተር ፍሬ ያህል አደረግኩ። ሂትሲንኩን መልሼ በሰያፍ አሰርኩ።

ከዚያ ሳስነሳው ስክሪኑ ጨለማ ሆነ። ቁልፉ ላይ ያለው መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። የመርካቶውን ወንድሜን ታሪክ አስታውሼ ሆዴ ተላወሰ። ቁጭ ብዬ ምን ምን እንደነካሁ አሰብኩ። ራም ጨምሬ ነበር። አውጥቼ መልሼ ስሰካው ሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» አለ፤ መጀመሪያ አንዱ ብቻ ነበር የተቆለፈው። አስነሳሁት፣ የዴል ምልክት መጣ። እናቴ እልል አለች።

ለውጡን እነሆ። ዊንዶውስ ለመነሳት ሁለት ደቂቃ ያልፈው የነበረው አሁን ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ስኬችአፕ ወዲያው ይከፈታል። ይህ የኤስኤስዲው ሥራ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ከመቀየሬ በፊት ዓርብ ዕለት ከሥራ ቤት በተዋስኩት ኤስኤስዲ ስሞክረው ልክ እንደ አሁኑ ይፈጥን ነበር። ሬንደሩን ግን የለየው ፕሮሰሰሩ ነው። ያንኑ የእህቴን ምስል፣ በዚያው መጠን፣ ድሮ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይፈጅ የነበረውን አሁን በ1 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ጨረሰው። ሙቀቱ 69 ላይ ነው። ፋኑም አይጮኽም። አውቶካድ ልደታ ንድፍ እንዳለችው ነው፤ ከአከፋፈቱ በስተቀር ያው ነው።


ልደታ ንድፍ
እሑድ ማታ 3፡05

ደስ አለኝ! እህትህን ንገራት፣ ፋይሏን በሁለት ቦታ ታስቀምጥ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ለማስረከብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ዲስኬ ሞቶብኝ ያውቃል። የድሮው ሃርድ ዲስክ አሁንም እየሠራ ከሆነ ለቅጂ ተጠቀሙበት።


ሰባራ ባቡር
እሑድ ማታ 3፡20

እንኳን ደስ አለህ። የዊንዶውሱን ነገር ግን እንዳትረሳ። ሌላ ሳጥን ስትገዛ ከ8ኛ በታች እንዳትወርድ።


የአራት ኪሎ ልጅ
እሑድ ማታ 3፡40

አልረሳም ወንድሜ። ከወር ወር ማስቀመጥ ጀምሬአለሁ። ሃርድ ዲስኩንም መልሰን ሰክተነዋል፤ ለቅጂ ሆኗል።

ጉለሌ 21፣ ይህን እያነበብክ ከሆነ፣ አይ 3 4130 በፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ተቀምጧል። የቀረ ፔስትም አለኝ። ሱቁ በትንሽ ብር ልውሰድልህ ብሎኝ ነበር፤ ለአንተ ልጆች ይሁን ብዬ ነው ያስቀረሁት።


ጉለሌ 21
እሑድ ማታ 4፡15

ምን ብዬ እንደማመሰግንህ አላውቅም። ነገ ከሥራ በኋላ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ልምጣ? ባዮሱን መጀመሪያ ማደስ አለብኝ?


ካቻቢቴ
እሑድ ማታ 4፡22

4130 በፈረንጆቹ 2013 የወጣ ስለሆነ ሳታድስም የሚነሳ ይመስለኛል። ሂትሲንኩን ግን ጥረግ።